«አንቺስ ምን ሠራሽ?»፦ ለሳይኮሎጂ ማስተርስ ቃለ መጠይቅ ስለ መዘጋጀት

(ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በሳይኮሎጂ ተመርቀው ለማስተርስ ለሚዘጋጁ ልጆች የተናገርኩት ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ከተቀዳው ላይ ገለበጥኩት። ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን አደራችሁ?

«እግዚአብሔር ይመስገን» ስትሉ ድምፃችሁ ተንቀጠቀጠ። ከብርዱ ነው ከፍርሃቱ? ከብርዱ ከሆነ እረዳችኋለሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስብሰባ የሚጠራ ሰው መቀጣት አለበት። ጋቢ ይዛችሁ የመጣችሁ ብልሆች ናችሁ። ሳልይዝ የመጣሁት እኔ ነኝ ሞኟ።

እዚያ ጥግ የተቀመጡት እማማ ልጃቸውን አጅበው ነው የመጡት። እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ። በኋላ አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ፤ እንዳይተኙብኝ።

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። ሁለተኛው «ለምን ሳይኮሎጂ?» ስለምትባለው ጥያቄ። ሦስተኛው ዝግጅቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ። ከሦስቱ ብዙ የምቆየው አንደኛው ላይ ነው፤ ከአሁኑ ይቅርታ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። የመውጫ ፈተና አልፋችኋል። ጋት የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ተፈትናችኋል፤ ወይም ልትፈተኑ ነው። አንዳንዱ ትምህርት ክፍል ከዚያ ላይ የራሱን የጽሑፍ ፈተና ይሰጣል። አንዳንዱ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ይጨምራል። እንግዲህ አስቡት። ቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው ወረቀቱ ታይቷል። ውጤቱ ታይቷል። «ይበቃል» ተብሎ ነው የተጠራው። ታዲያ በአካል መጥታችሁ ምን እንድታሳዩ ነው የሚፈልጉት? ውጤታችሁን ደግማችሁ እንድታነቡላቸው ነው?

አይደለም። እኔ ግን እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ወደቅኩ።

አዎ፣ ወድቄያለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከዚህ ሚኒባስ ያዝኩ። በሞባይል መብራት ደብተሬን አነባለሁ። የሳይኮሎጂ ሊቃውንቱን፦ ፍሮይድ፣ ፒያዤ፣ ስኪነር፣ ኤሪክሰን። የኤሪክሰንን ስምንት የእድገት ደረጃዎች እየቆጠርኩ ሸኖ ደረስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ «ልጄ፣ ዳዊት ነው የምትደግሚው?» አሉኝ። ላምበረት ስወርድ ፀሐይ እየወጣች ነበር። ስምንቱም ደረጃዎች በቃሌ ነበሩ።

ገባሁ። ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። ስለ ኤሪክሰን የጠየቀኝ ሰው የለም።

«የመመረቂያ ጥናትሽ ምን ነበር?» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ የማውቀው ነው። «በወላድ እናቶች ላይ የሚታይ ድባቴን ነው ያጠናነው። መጠይቅ አዘጋጀን። መረጃ ሰበሰብን። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ተነተንን። ውጤቱን አቀረብን።» ጨረስኩ። አንደኛዋ መምህርት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ነበራችሁ?»

«አምስት።»

«አንቺስ ምን ሠራሽ?»

ዝም።

«ሁሉንም አብረን ነው የሠራነው» አልኩ በመጨረሻ። እውነት ነው? እውነት አይደለም። አምስት ሆኖ የሚሠራ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ እናንተ ታውቁታላችሁ። አትሳቁ! በየቡድኑ ለፎቶ ኮፒ ሦስት ብር አዋጥቶ ስሙ ሽፋኑ ላይ የሚወጣ ልጅ አለ። እዚህም አዳራሽ ውስጥ ይኖራል። ስም አልጠራም።

ለምን ዝም አልኩ? የሠራሁት ነገር ጠፍቶኝ አይደለም። «እኔ» ማለት ነውር መስሎኝ ነው። መንዝ ነው ያደግኩት። እንግዳ ፊት «እኔ እኮ…» ብዬ ከጀመርኩ እናቴ በዓይኗ ብቻ ታስቆመኛለች። በእኛ ቤት ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው አያምርም። ሥራህን ሌላው ይናገርልህ ነው የሚባለው። ደግ ባህል ነው፤ አልጥለውም። ግን ያ ክፍል ውስጥ የሚናገርልኝ ሌላ ሰው አልነበረም። አራቱ ጓደኞቼ ደብረ ብርሃን ናቸው።

አሁን የሠራሁትን ልንገራችሁ። ያኔ ያልነገርኳቸውን።

ፒኤችኪው ናይን የሚባለውን የድባቴ መለኪያ መጠይቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ብሎ ይጀምራል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መከፋትና ተስፋ ስለ መቁረጥ ነው። በእንግሊዝኛው ላይ «ዳውን» የምትል ቃል አለች። ከቡድናችን አንዱ ልጅ ሲተረጉማት «ወደ ታች የመውረድ ስሜት» አላት። ቸኩሎ ነው፤ ለማስረከብ ሦስት ቀን ቀርቶን ነበር።

መጠይቁን ይዤ ወደ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ሕፃን አዝለዋል። አነበብኩላቸው። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ወደ ታች ወረዱ?» ትንሽ አሰቡ። «ወደ ታችማ እወርዳለሁ፤ በገበያ ቀን ቆላ እወርዳለሁ» አሉኝ። «በሁለት ሳምንት ሁለቴ።»

እናንተ ትስቃላችሁ። እኔ ግን ያኔ «ለጥቂት ቀናት» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ነበር! አንድ ነጥብ! ሴትዮዋ በገበያ መንገድ ምክንያት ድባቴ ሊመዘገብባቸው ነበር።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። «እማማ፣ ሲከፋዎትስ ምን ይሰማዎታል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ሕፃኑን ወደ ፊት አዞሩት። ከዚያ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉኝ። «ማታ ማታ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስድስት እናቶች ዘንድ ሄድኩ። መጠይቁን ሳልይዝ። ሲከፋችሁ ምን ትላላችሁ ብቻ ነው የምጠይቀው። ሆዴ ባር ባር አለኝ። ዓለም ጠበበኝ። ቀልቤ ሸሸኝ። ከፋኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ተመልሼ ሁለተኛውን ጥያቄ እንደገና ጻፍኩት። እንግሊዝኛውን አይቶ ለማያውቅ ጓደኛዬ ሰጠሁትና ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እንዲተረጉመው አደረግኩ። ከዋናው ጋር አስተያየሁት። አሁንም አልገጠመም። እንደገና ጻፍኩት። እንደገና ሰጠሁት።

ይህን መናገር ስንት ደቂቃ ወሰደብኝ? ሁለት? ሦስት? ልጆች፣ እዚህ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። የመለኪያ ትክክለኛነት አለ። ትርጉምና የመልስ ትርጉም አለ። ባህል አለ። የራስን ስህተት አይቶ ማረም አለ። መምህርቷ የፈለጉት ይህንን ነበር። በእጄ ነበር። እኔ ግን «መጠይቅ አዘጋጀን» ብዬ አለፍኩት።

እማማ፣ አሁን ልጠይቅዎት። እርስዎ ባና ፈትለው ያውቃሉ? … ያውቃሉ፤ አያችሁ። የበግ ጠጉሩን ማን ፈተለው? «እኔ» አሉ። ማንስ ሠራው? «ሸማኔው።» እናመሰግናለን እማማ።

አያችሁ? እማማ አልተሽኮረመሙም። ጉራም አልነዙም። ባናው የጋራ ነው፤ ፈትሉ የእሳቸው ነው። «አብረን ሠራነው» ብለው የሸማኔውን ሥራ አልወሰዱም፤ የራሳቸውንም አልጣሉም። እኔ ያን ቀን ሦስቱ መምህራን ፊት ማለት ያቃተኝ ይኼው ነው። እናቴም እኮ ባና ትፈትል ነበር! ዓይኗ የሚያስቆመኝ «ጎበዝ ነኝ» ስል ነበር እንጂ «ፈተልኩ» ስል አልነበረም። ይህን የተረዳሁት ከወደቅኩ ከወራት በኋላ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይኼ ነው። «ትጉህ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ፣ ጠንካራ ነኝ» አትበሉ። ያ ያሳፍራል፤ ሰሚውም አያምነውም። «ሄድኩ፣ ጠየቅኩ፣ ጻፍኩ፣ ተሳሳትኩ፣ አረምኩ» በሉ። አማርኛ ለዓይን አፋር ሰው የተመቸ ቋንቋ ነው። «ተረጎምኩ» ስትሉ «እኔ» የምትለው ቃል አትሰማም፤ ግሱ ውስጥ ተደብቃለች። ችግሩ ቃለ መጠይቁ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ «አይ»ን በየዓረፍተ ነገሩ ያስጠራል። አይ፣ አይ፣ አይ። ለእኛ ጆሮ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሳናስበው «ዊ» ውስጥ እንገባለን። ይህንን እቤታችሁ ጮክ ብላችሁ መልመድ አለባችሁ። ብቻችሁን ስትሉት እንኳ ፊታችሁ ይቀላል። የእኔ ቀልቷል።

ደግሞ በዚህ ምክንያት እንዳትዋሹ! ሥራችሁ መጠይቅ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ብቻ ከነበረ፣ እሱን ተናገሩ። ሳስገባ ግማሹ ሰው አንድ ጥያቄ ዘሎ አየሁ፤ ለምን ዘለሉት ብዬ ጠየቅኩ በሉ። ትንሽ ሥራ በቅርብ የታየ እንደሆነ ጥሩ ያስወራል። ስሙ ብቻ ሽፋን ላይ የወጣው ልጅስ? እሱ ገና ጊዜ አለው። ሄዶ አንድ ነገር ይሥራ።

እሺ፣ ሁለተኛው።

«ለምን ሳይኮሎጂ?» ይሏችኋል። ይህ ጥያቄ አይቀርም። ምን ትላላችሁ? … አዎ። «ሰው መርዳት ስለምወድ።» ከኋላም ከፊትም ሰማሁት። ስንት ሰው እጁን አወጣ? በሉ አውርዱ።

መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ነርሷም ሰው መርዳት ትወዳለች። የሚኒባስ ረዳቱም አንዳንድ ቀን ይወዳል። ለምን ሳይኮሎጂ እንደሆነ አልነገራችሁኝም። በነገራችን ላይ ሳይካትሪስትና ሳይኮሎጂስት የሚለዩበትን እዚያ ቁጭ ብላችሁ እንዳታምታቱ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ይህን የሳተ ሰው አይቻለሁ። ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ ከደብረ ብርሃን በላይ።

ሁለተኛው ዓይነት መልስ ከባድ ነው። የራስ ቁስል። አንድ ልጅ ለልምምድ እኔ ዘንድ መጣ። «ለምን ሳይኮሎጂ?» አልኩት። ስለ ቤተሰቡ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ተናገረ፤ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ «ወንድሜ፣ አሁን አልቅሰናል፤ ግን ጥያቄውን አልመለስክም» አልኩት። ጨካኝ ሊመስላችሁ ይችላል። እንባውን ንቄ አይደለም። እንባው የሚወጣበት ሌላ ቦታ ስላለ ነው። ልጁንም ወደዚያ ቦታ ልኬዋለሁ።

ድሩ አፕልቢና ካረን አፕልቢ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን 2006 ያወጡት ጥናት አለ። የአሜሪካ የሳይኮሎጂ ድኅረ ምረቃ ተቀባይ ኮሚቴዎችን ሰብሳቢዎች ጠየቁ። ጥሩ የነበረን አመልካች ያስጣላችሁ ምንድን ነው አሏቸው። ከመልሶቹ መካከል የራስን የአእምሮ ሕመም ታሪክ ከልክ በላይ መዘርዘር አንዱ ነበር። ሌላው ምን ይመስላችኋል? «ሰው መርዳት እፈልጋለሁ» የሚለው ከልክ ያለፈ ደግነት! ስለ ትምህርት ክፍሉ ሳያውቁ ማመልከትም አለበት። ጥናቱ ስለ ማመልከቻ ጽሑፎች ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ግን ልክ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የሳይኮሎጂ ሰዎች ሆነው ሕመምን ይፈራሉ ወይ? እኔም ተከፍቼባቸው ነበር። አሁን በጠያቂዎቹ ወንበር በኩል ተቀምጬ ሳየው፣ አሳሳቢው መታመሙ አይደለም። ቁስሉ ገና እየደማ ከሆነ የሌላውን ሰው ቁስል እንዴት ይይዛል የሚለው ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። የቅርብ ዘመዴ ታሞ ነበር። ድምፅ ይሰማዋል። ጸበል ወሰድነው። ሆስፒታልም ወሰድነው። ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን ያቆማል፤ ሆስፒታል ሲገባ ጸበሉን ደብቆ ነው የሚጠጣው። ይህንን ታሪክ ለሁለተኛው ቃለ መጠይቄ ስለማመድ ጓደኛዬ በሰዓት ያዘችልኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ! ቆረጥነው። ቆረጥነው። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ዘመዴ ታሞ ነበር። ጸበሉም ነበረ፤ መድኃኒቱም ነበረ። ሁለቱን የሚያነጋግር ሰው ግን አልነበረም። ማጥናት የምፈልገው ያንን ነው።» ሃያ ሰከንድ አይሞላም። መምህራኑ ተጠጉ። ቀጣዮቹን አሥር ደቂቃዎች ጓጉተው ጠየቁኝ፤ ስለ ዘመዴ ሳይሆን ስለ ሐሳቤ።

ሦስተኛው፣ ዝግጅቱ። እዚህ ላይ ፈጠን እላለሁ፤ ሻይ እየመጣ ነው።

ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ይቅር። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን 2006 ያደረጉትን ሙከራ ተምራችኋል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ፣ ዘግቶ፣ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግቶ ያስታወሰው በለጠ። ለፈተና ተምራችሁት ለራሳችሁ አትጠቀሙበትም! ዝጉና ተናገሩ። ለእህታችሁ ተናገሩ። ለላሟም ቢሆን። እኔ ለእናቴ ነው የተናገርኩት። አንድ ቃል እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ግን «እዚህ ጋ ድምፅሽ ወረደ፣ ይህን አታውቂውም» ትለኛለች። ትክክል ነበረች፣ በየጊዜው።

ከዚያ የሚጠይቋችሁን መምህራን ሥራ አንብቡ። አሥር ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ሁለት ይበቃል። መደምደሚያውን አይደለም፤ መረጃውን እንዴት እንደሰበሰቡና ምን አቃተን እንዳሉ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ይሏችኋል። «የለኝም» አትበሉ። እኛ «የለኝም» የምንለው ለማክበር ነው፤ እነሱ ግን ግድ እንደሌላችሁ ይሰሙታል።

የሥነ ምግባር ጥያቄም አይቀርም። እዚህ ላይ የትንሽ ከተማ ልጆች ከማንም በላይ የምትናገሩት አላችሁ። አስቡ፤ እዚሁ ከተማ ጠባሴ ሰፈር ያማከርሽው ሰው እሁድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብሽ ይቆማል። እድራችሁ አንድ ነው። ሚስቱ አክስትሽ ናት። ሰላም ትይዋለሽ? አይተሽ እንዳላየሽ ታልፊያለሽ? በእኛ አገር ሰላምታ መንፈግ እኮ ራሱ ወሬ ያስነሳል! ከመጀመሪያው ቀን ተነጋግሮ መስማማት ይቻላል። «ውጭ ብንገናኝ ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ። ይህን መኖር ያለባችሁ ሰዎች ናችሁና ከኑሯችሁ መልሱ። መጽሐፍ ላይ ያለውን እነሱም ያውቁታል።

በመጠለያዎቹ ውስጥ ከተፈናቀሉ ወገኖቻችን ጋር በፈቃደኝነት የሠራችሁ አላችሁ። የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የወሰዳችሁም አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን 2011 ባወጣው መመሪያ ሦስት ነገር ነው የሚለው፦ እይ፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ስለዚህ ሥራ ስትናገሩ አደራ፣ የሰዎቹን መከራ ለራሳችሁ ጌጥ አታድርጉት። «አንዲት እናት እንዲህ ደርሶባት…» ብላችሁ መንደሯን፣ የልጆቿን ቁጥር፣ የሆነባትን ሁሉ ከዘረዘራችሁ፣ ስሟን ባትጠሩም አሳልፋችሁ ሰጥታችኋታል። ጠያቂው አዋቂ ከሆነ ነጥብ የሚቀንስባችሁ እዚያው ላይ ነው። እናንተ ምን አደረጋችሁ? ውኃ የት እንዳለ አሳያችሁ? ቁጭ ብላችሁ ሰማችሁ? ለማን አገናኛችሁ? እሱን ተናገሩ። አያችሁ፤ እንደገና ወደ መጀመሪያው ነጥብ ተመለስኩ። ምን ላድርግ፣ ሁሉም መንገድ ወደዚያ ይወስደኛል።

ስለ ዓይን። ትልቅ ሰው ፊት ማቀርቀር ክብር ነው። ጠያቂዎቹ የውጭ ሰዎች ከሆኑ ግን ፍርሃት ይመስላቸዋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ሲጠይቁኝ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ፤ ሳስብ ወደ ጠረጴዛው አያለሁ። ጥያቄው እንዳለቀ አትዝለሉበት። ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ። ሽማግሌ ሲጠየቅ አይታችሁ ታውቁ የለ? በትሩን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው። ማንም ሰነፍ ነው አይለውም።

ስለ ልብስ። ንጹሕ ይሁን፤ ይበቃል። ጊሎቪች የተባለ ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር በአውሮፓውያን 2000 ያወጣውን ሙከራ አስታውሱ። ተማሪዎችን የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሰው ያለበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ግማሹ ሰው አይቶኛል አሉ። ያየው ግን ሩብ ያህሉ ነበር። ጫማችሁ ላይ ያለውን ጭቃ ከእናንተ በቀር የሚያየው ብዙ የለም። ግን ጥረጉት።

ወደ አሜሪካ የምታመለክቱ ሦስት ልጆች አላችሁ። ለእናንተ አጭር ነገር። እዚያ ለዶክትሬት ስታመለክቱ አብዛኛውን ጊዜ የምትመረጡት አብራችሁ ለምትሠሩት መምህር ነው። ስለዚህ የዚያን ሰው ሥራ ካላወቃችሁ ነገሩ አልቋል። ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በታኅሣሥ ወር ውስጥ ነው፤ በእነሱ ታኅሣሥ። ቃለ መጠይቁ ከጥር እስከ መጋቢት። ከብዙዎቹ ለቀረበላችሁ የመግቢያ ግብዣ መልስ የመስጫው የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 15 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 7። በቃለ መጠይቁ ቀን በመሃል የሚያጫውቷችሁ የክፍሉ ተማሪዎችም ስለ እናንተ አስተያየት ይጠየቃሉ። ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሰዓት! ለእግዚአብሔር ብላችሁ ሰዓት! የማውቀው ልጅ «9፡00፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት» የሚል ቀጠሮ ደረሰው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ከታች በቱታ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ቃለ መጠይቁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አልፏል። ደግነቱ ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ ጻፈ፤ ሌላ ቀን ሰጡት። ከምሥራቅ አሜሪካ ጋር ያለን ልዩነት በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ነው። በእነሱ መጋቢት ወር፣ በሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፤ ሰባት ይሆናል። የእነሱ ጠዋት 10 ሰዓት ለእኛ ማታ 12 ሰዓት የነበረው 11 ሰዓት ይሆናል። በአማርኛም በእነሱም ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ስልካችሁንም ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ እኛ ነን የምናውቀው።

ድክመትሽ ምንድን ነው ቢሏችሁ «ሁሉም ነገር ፍጹም እንዲሆን ስለምፈልግ» አትበሉ። ይኼን የሰማ ጠያቂ በውስጡ ያዛጋል። እኔ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ባለፈው ዓመት እንደዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ምን ሠራሽ ተብዬ መመለስ አቅቶኛል» አልኩ። አንደኛው መምህር ሳቁ። «ታዲያ ምን ሠርተሽ ነበር?» አሉኝ። ስለ ገበያ ቀኑ ነገርኳቸው። ስለ ባር ባርም ነገርኳቸው።

ሻዩ መጣ። ከመጠጣታችሁ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ሁላችሁም ወደ ጎን ዙሩ። አጠገባችሁ ያለውን ሰው «በመመረቂያ ጥናትህ አንተ ምን ሠራህ?» በሉት። ሴት ከሆነች «አንቺስ?» በሏት። ሦስት ሦስት ደቂቃ። «እኛ» ያለ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እማማ፣ እርስዎ የዚያ ረድፍ ዳኛ ነዎት፤ «እኛ» ያለውን በእጅዎ ያሳዩኝ። ስልኬ ላይ ሰዓት ይዣለሁ። በግራ ያላችሁ ጀምሩ።